አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ለምን ይዘጋል? (ከቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች ክር)

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ላይ ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰው ከመሃል እየገባ ምን ተባለ እያለ ስለሚጠይቅ፣ ከላይ ጀምሬ በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። ስም አልጠራም። ሰፈራችን ጠባብ ነው፤ ነገ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ እንገናኛለን።

መነሻ ጽሑፌ ይህን ይመስላል። ከቴክኖሎጂ ጋር ጠብ የለኝም። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ከሶፋ ሳልነሳ እከፍላለሁ። ክፍለ ሀገር ላለችው እናቴ ብር የምልከው ቡናው እስኪፈላ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ነበርኩ፤ አሁን ያለሱ መዋል ያቅተኛል። የሚያንገበግበኝ ነገር ግን አለ። አዲስ አሠራር በመጣ ቁጥር የድሮው በማግስቱ ይዘጋል። መስኮቱ ይታሸጋል። ገንዘብ ተቀባይዋ ትነሳለች። በጥሬ ብር አናስተናግድም የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ከዚያ አዲሱ ሲታመም መሄጃ የለም። ሲስተም የለም ተባልክ ማለት ወደ ቤትህ ግባ ተባልክ ማለት ነው። መሃል ከተማ ያለ ሰው አንዱ ቢዘጋበት አስፋልት ተሻግሮ ሌላው ጋ ይሞክራል። እኛ ግን ከተማዋ የምታልቅበት ላይ ነን፤ ከእኛ ቀጥሎ ያለው የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ነው። ስለዚህ ጠየቅኩ፦ የትኛው አዲስ ነገር አማረራችሁ? ከጎኑ የትኛው የድሮ አሠራር እንዲቆይላችሁ ትፈልጋላችሁ?

መልስ 1 የመጣው ከጡረተኛው መምህር ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰላምታቸው ብቻ አራት መስመር ይዟል። ቤተሰብ፣ ጤና፣ ዝናቡ፣ ሁሉም ተጠየቀ። ከዚያ ቀስ ብለው ወጋ አደረጉን። የዛሬ ልጅ ከየት እንደተነሳን አያውቅም ባይ ናቸው። የቤት ስልክ ለማስገባት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ ነበር። ሞባይል በ1991 ከገባ በኋላም ሲም ካርድ ለማግኘት ደጅ መጥናት ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ቆይቶ፣ የተከፈተው በሚሊኒየሙ ሰሞን መሆኑን አስታወሱን። እናም መልእክት ዘገየብኝ ብሎ ማማረር የጥጋብ ምልክት መሆኑን በጨዋ አማርኛ ነገሩን።

በመልስ 2 አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋሼን አክብራ ተቃወመቻቸው። ትናንት ስለባሰ ዛሬ ዝም ይባል ማለት እንዳልሆነ ጻፈች። ጋሼ የልብ ምልክት ሰጧት። እስከዚህ ድረስ ፍቅር በፍቅር ነበርን።

መልስ 3 የባለሱቋ ነው፤ ከሁሉም በላይ እኔን የያዘኝ እሱ ነው። አንድ ደንበኛ እንቁላልና ዘይት ይገዛል። በስልኩ ይከፍላል። የሱ ስልክ ተልኳል ይላል፤ የሷ ስልክ ግን ዝም። ፌስታሉን በአንዱ ጆሮ እሱ፣ በሌላው ጆሮ እሷ እንደያዙ ይቆማሉ። ከኋላ ወረፋ አለ። ልጅ ይላቀሳል። ሰውየው ሌባ አደረግሽኝ ብሎ ይቆጣል። እሷም እንዳትለቅ ከዚህ በፊት ተበልታለች፤ አንዱ መልእክት አሳይቷት ዘይቱን ይዞ ሄደ፣ ብሩ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። ከዚያ ወዲህ መልእክቱ እስኪደርስ ይታገሱ የሚል ካርቶን ሰቅላለች። በዚህም የተቀየሙ ደንበኞች አሏት። እሷ የምትፈልገው ዝርዝር ብር ኪሱ የያዘ ሰው ነው። ድሮ ዝርዝር የለንም እያልን ሰው እናስለቅስ ነበር፣ አሁን ራሳችን ዝርዝር ናፈቀን ብላ ቀለደች።

መልስ 4 የስልክ ጠጋኙ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ሲጽፍ ሁሉም ይሰማል፤ ግማሻችን ስልካችን እሱ ጋ ነው ያለው። ለባለሱቋ የሰጣት ምክር ጠቃሚ ስለሆነ ልዘርዝረው። በደንበኛው ስልክ ላይ የሚታይ መልእክት ምንም ማስረጃ አይደለም፤ ማንም ሰው ጽፎ ሊያሳይ ይችላል። በራሷ ስልክ የሚገባ መልእክትም ቢሆን ከተራ የሞባይል ቁጥር ተልኮ የባንክ የሚመስል አለ። ስለዚህ ላኪው ማን እንደሆነ ማየት፣ ከዚያም ሂሳብን ከፍቶ ማረጋገጥ። ሌላ ነገርም ጨመረ። ኢንተርኔት ጠፋ ብሎ ክፍያ ጠፋ ማለት አይደለም። *127# ብሎ በመደወል ቴሌብርን ያለ ዳታ መጠቀም ይቻላል፤ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክም ይበቃል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ የምለው ሁለተኛ መንገድ ይህ ነው፤ የሠራው ሰው ዳታ የሌለውን ሰው አስቧል።

5 እና 6 ይህን አናውቅም ነበር የሚሉ ምስጋናዎች ናቸው። 6ኛው የምስጢር ቁጥሩን እንደረሳና ለዚህስ ምን እንደሚደወል ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም።

መልስ 7 የሚኒባስ ሾፌር ነው። በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ብር መቅዳት የቀረው በሚያዝያ 2015 መሆኑን አስታውሶ፣ ኔትወርክ በተኛ ጠዋት ማደያ ምን እንደሚመስል ተረከ። ነዳጁ አለ። ብሩ ስልኩ ውስጥ አለ። ቀጂው ቆሟል። የሚቀዳ ግን የለም። ሰልፉ አስፋልት ወጥቶ ከሌላ መኪና ጋር ይጋጫል። የጠዋቱን ሰው ይዞ ሁለት ቢያጆ የሚሠራበት ሰዓት እዚያ ያልቃል። ረዳቱም እሱን ያያል፣ እሱም ረዳቱን።

መልስ 8 ላይ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው ገባ። በጣም ትሑት ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የታለመ የነዳጅ ድጎማ የተሰጠው በዚሁ በስልክ ክፍያ እንደነበር፣ ጥሬ ብር ቢሆን ማን ምን ያህል እንደቀዳ ማወቅ እንደማይቻል አስረዳ። እውነቱን ነው። ግን ሾፌሩ በመልስ 9 አልማረውም። ሌሊት 11 ሰዓት ማደያ ተሰልፎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ቢሮ ቁጭ ብሎ ስለ ድጎማ ማስተማር ቀላል እንደሆነም ጨመረበት። ሒሳብ ሠራተኛው በመልስ 10 እሱም በዚያው ታክሲ እንደሚሄድ፣ ጠዋት ቆሞ ጠባቂው እሱ መሆኑን ብቻ ጽፎ ዝም አለ። ክሩ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 11 የነርሷ ነው። ርዕሱን ቀይራ ሰዓት አነሳች። በምትሠራበት ክሊኒክ የቀጠሮ መልእክት የሚልከው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር 8:00 ብሎ ይልካል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ታካሚው ግን 8 ሰዓት ብሎ አነበበው። ለስኳር ምርመራ እህል ሳይቀምሱ እንዲመጡ የተነገራቸው አዛውንት ጠዋት አልታዩም። ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት፣ ከማታ ጀምሮ ጦማቸውን የቆዩ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ በር ላይ ደረሱ። ስኳርና ውሃ የሰጠቻቸው እሷ ናት። ከዚያ ቀን በኋላ በዕድሜ ለገፉት ራሷ ትደውላለች፤ የአየር ሰዓቱም ከኪሷ ነው። ይህን መልስ ያነበበ ሁሉ ለጊዜው ጸጥ አለ።

ጸጥታውን የሰበረው በመልስ 12 የጂኦግራፊ አስተማሪው ነው። የእኛ ሰዓት ጥፋት እንደሌለበት ሊያስረዳ ተነሳ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀንን ከንጋት 12 ሰዓት መቁጠር ለእኛ ምክንያት አለው። ክረምትና በጋ ቀኑ በብዙ ሰዓት በሚረዝምበትና በሚያጥርበት አገር ይህ አይሠራም። እሺ፣ ገባን። ግን አዛውንቱን አልጠቀማቸውም።

መልስ 13 መስከረም 1 ሁልጊዜ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 እንደሚውል ጽፎ፣ ስልኮች ይህን ማስተካከል እንዴት እንደሚያቅታቸው ተገረመ። መልስ 14 አረመው። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ዓመት ማግስት እንቁጣጣሽ 12 ላይ ይውላል፤ 2016ን የተቀበልነው እንደዚያ ነው። አንድ ቀን ተንሸራቶ እስከ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ይቆያል። በዚያ መሃል በልማድ የሚያሰላ ሰው የልጁን ልደት በአንድ ቀን ይስታል።

ከዚያ መልስ 15 መጣ። ይህ ከሳቅም ከንዴትም በላይ ነው። አንዲት እህት ኢንተርኔት ላይ ቅጽ ትሞላለች። የተወለደችው ጥቅምት 30 ነው። ቀን 30፣ ወር 2 ብላ አስገባች። ቅጹ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ በቀይ መለሰላት። ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነውና 30 የለውም። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው። በመጨረሻ ጥቅምት 28 ብላ ሞላችው። አሁን በወረቀት አንድ ቀን፣ በኮምፒውተር ሌላ ቀን ተወልዳለች። ወረቀቶቹ ተገናኝተው የተፋጠጡ ዕለት ማን እንደሚሸመግላቸው አታውቅም። ጳጉሜ የተወለደ ወንድሟ ደግሞ 13ኛ ወር የሚባል ምርጫ ስለሌለ ጭራሽ አልተወለደም። ቅጹ ስር የሚጠየቅ ሰው ወይም የሚደወል ቁጥር ቢኖር የአምስት ደቂቃ ነገር ነበር።

16 እና 17 በዚሁ ሳቅ ቀጠሉ። ፌስቡክ ላይ ግማሹ ጓደኛው ጃንዋሪ 1 የተወለደ መሆኑን አንዱ ታዘበ። ሌላው የቤተሰብ ስም የሚለውን ቦታ አነሳ። የአባቱን ይጻፍ የአያቱን ሳያውቅ፣ እሱና ሚስቱ ልጃቸውን ይዘው ሲሄዱ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች መስለው እንደሚታዩ ነገረን።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ። መልስ 18 የአንድ ጎልማሳ አባት ነው። እድራቸው ቀጥቶታል። ያለፈው ሳምንት ቀብር አልተገኘም ተብሎ ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈው ማታ 4 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ነው፤ ቀብሩ በማግስቱ 6 ሰዓት። እሱ ደግሞ ስማርት ስልኩን መገናኛ ላይ ነጥቀውት በቁልፍ ስልክ ነው የሚኖረው። ሟቹ የደረጃ ጎረቤቱ ናቸው። የሰማው ከሥራ ሲመለስ ድንኳኑን አይቶ ነው። ቅጣቱ አላናደደውም፤ ብሩ ትንሽ ነው። የከነከነው የሟች ልጅ ዓይን ነው። ያደገበት ሰፈር ጡሩምባ ነፊ ነበር። ጎህ ሲቀድ በየቅያሱ እየዞረ ይነፋል፣ ስም ጠርቶ ያረዳል። ዳታ አልቆበታል፣ ስልኩ ተነጥቋል የሚባል ነገር አልነበረም።

መልስ 19 የእድሩ ኮሚቴ አባል ነው፤ ቆጣ ብሎ መጣ። ኮሚቴው በነጻ እንደሚያገለግል፣ ወንበርና ድስት ሲጠፋ የሚፈልገው እሱ መሆኑን፣ ከየሰፈሩ በዕጣ የመጣ ሰው ባለ አምስት ፎቅ ብሎክ ውስጥ ጡሩምባ ማን እንደሚነፋለት ጠየቀ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ግን ለቲክቶክ ዳታ ያለው ሰው ለእድር ሲሆን እንደሚያልቅበት ጣል አደረገ። መልስ 20፣ 21 እና 22 በአንድ ላይ ወረዱበት። አንዷ ሰውየው ቁልፍ ስልክ ነው የያዝኩት ማለቱን አንብቦ እንደሆነ ጠየቀችው። ሌላው የኮሚቴውን የሒሳብ ሪፖርት አነሳ፤ ይህ ከቀብሩ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም፣ ግን በእኛ ሰፈር ማንኛውም ጭቅጭቅ መጨረሻው የሒሳብ ሪፖርት ነው።

በዚህ ላይ የራሴን ልበል። ቴሌግራሙ ደግ ነገር ነው። ድሮ ሰንጋ ተራ ያለ ዘመድ ሳይሰማ ይቀር ነበር፣ አሁን ውጭ አገር ያለው ሁሉ ይሰማል። ግን መልእክቱ መለጠፉ እንደ መድረሱ ተቆጥሮ ሰው መቀጣት የለበትም። ጡሩምባ ነፊው ማንን እንዳገኘ፣ ማን በር እንዳልከፈተ ያውቅ ነበር።

ጋሼ በመልስ 23 አስታረቁ። ኮሚቴው አጭር የጽሑፍ መልእክትም እንዲልክ፣ በየደረጃው አንድ ሰው በር እንዲያንኳኳ ሐሳብ አቀረቡ። የኮሚቴው አባል በመልስ 24 በረድ ብሎ ቅጣቱ እንደሚነሳና መልእክት መላኩን እንደሚሞክሩ ጻፈ። ይቅርታ የሚል ቃል አላየሁበትም፤ ቢሆንም።

ስልክ ጠጋኙ በመልስ 25 ተመልሶ መጣ። መልካም ነው፣ ነገር ግን በአማርኛ የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው። በላቲን ከተጻፈ 160 ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ተቆርጦ እንደ ሁለት መልእክት ይሄዳል፣ ሒሳቡም እንደ ሁለት ነው። ምክንያቱ ለላቲን ፊደል በጥቂት ቦታ የሚበቃ አሮጌ ኮድ ተመድቦለት፣ የእኛ ፊደል ግን ሰፊ ቦታ በሚወስደው በዩኒኮድ መሄዱ ነው። መልስ 26 ተከራከረ። የእኛ አንድ ፊደል የላቲን ሁለት ያክላል፣ ስለዚህ ይካካሳል ባይ ነው። ልጁ ቆጥሮ አሳየው። እንደምን አደራችሁ የሚለው በእኛ ከነክፍተቱ 11 ነው፣ በላቲን 18። ልዩነቱ አለ፤ ከ70 ወደ 160 ያለውን ግን አይሞላም።

የዚህ ሰፈር ሰው ሥራ አይጠላም። ወዲያው መርዶ በ70 ፊደል ለመጻፍ ውድድር ተጀመረ። ከ28 እስከ 31 ያሉት መልሶች ይኸው ናቸው። የሟች ስም ከነአባት፣ የብሎክ ቁጥር፣ ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑ ገብተው ነፍስ ይማር የሚለው አልገባ አለ። አንዱ ሰዓቱን ሊያሳጥር ሞከረ፣ ሌላው የአባት ስም ይቅር ባለ ጊዜ ስመ ሞክሼዎች ተቆጡ። በላቲን ይጻፍ የሚለው ሐሳብ ደግሞ ጋሼን ሲያስቆጣ ያየሁት የመጀመሪያው ነው። የዕድሜ እኩዮቻቸውን ቀብር በባዕድ ፊደል ተንተባትበው እንደማያነቡ፣ ሁለት መልእክት የሚያስከፍል ከሆነም ልዩነቱን ከጡረታቸው እንደሚከፍሉ በአጭሩ አሳወቁ። ውድድሩ ቆመ።

መልስ 32 ስልክ በምኒልክ ዘመን ሲገባ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ የሚባለውን ታሪክ ይዞ መጣ። ይህ ታሪክ እንዲህ ባለ ክርክር ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። እኛም እንደዚያው ነን ለማለት ነው። ተማሪዋ በመልስ 33 ማንም ስልኩን እንዳልተቃወመ፣ የተጠየቀው በሩን የሚያንኳኳ ሰው መሆኑን መለሰችለት። ምራቋን የዋጠች ልጅ ናት።

መልስ 34 የካርድ ቆጣሪ ነው። እሁድ ማታ ሒሳቡ አልቆ፣ ሰኞ ጠዋት መሙያው ጋ ሲደርስ ሲስተም የለም ተባለ። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሥጋ ለጎረቤት ተከፋፈለ። መልስ 35 መፍትሔ ያላት እናት ናት። በሷ ደረጃ ላይ ያሉ ቤቶች ተራ አውጥተዋል፤ ወረፋው የደረሰው ሰው የሁሉንም ካርድ በአንድ ፌስታል ሰብስቦ ይሄዳል። ካርዶቹ ላይ የቤት ቁጥር በፕላስተር ተለጥፏል። ቆጣሪያቸውንም ጨርሶ እስኪያልቅ አይጠብቁም። ብልህ ነው፤ ግን ሳስበው በካርድ የምንከፍለው ወረፋ እንዲቀርልን ነበር።

መልስ 36 እንጀራ ጋጋሪዋ እህታችን ናት። አጭር ናት። የስልኳ አሻራ ከፈቺ ጣቷን አያውቀውም፤ እሳትና ሊጥ አሻራዋን ልጦታል። ለፋይዳ ስትመዘገብም ጣቷ አስቸግሮ ነበር፣ ግን ዓይኗንና ፊቷንም ስላነሷት ተመዘገበች። ይህንን ለብቻው አጉልቼዋለሁ። የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል አብረው ሲወሰዱ፣ አንዱ እምቢ ያለው ሰው በሌላው ይገባል። ሁሉም ነገር እንዲህ ቢታሰብ ይህ ክር ባልተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ወረድን። መልስ 37 ታክሲ ውስጥ ያለ ኤርፎን ቲክቶክ የሚያዩትን ሰደበ። መልስ 38 ቁራሌው ድምፁን ቀድቶ በሞንታርቦ መልቀቁን አነሳ፤ ድሮ ሲደክመው ዝም ይል ነበር፣ አሁን የሚደክመው ባትሪው ነው። መልስ 39 ስለ ውሃ ነው፤ ከዋናው መስመር በዲናሞ የሚስቡ የታችኛው ፎቅ ሰዎች የላይኛውን እንዴት እንደሚያደርቁት ብሎክ ጠርቶ ጻፈ። መልስ 40 የተጠራው ብሎክ ነው። ያለውን አልተርክም፤ አጥፍቼዋለሁ። ስድብ አላሳልፍም ብያለሁ፣ አይደለም እንዴ?

መልስ 41 የሮቶ ማስታወቂያ ነው። በደንብ የተነሳ ፎቶ፣ ያገለገለ ግን ንጹሕ። ዋጋ የለውም። ዋጋ በውስጥ መስመር ይላል። ከ42 እስከ 48 ያሉት ሁሉ ዋጋ ስንት ነው የሚሉ ናቸው። ጋሼም አሉበት። ሻጩ ለሁሉም በውስጥ መስመር ብሎ መለሰ። ተማሪዋ በመልስ 49 ሰባት ሰው በይፋ የጠየቀውን ዋጋ ለሰባት ሰው በሹክሹክታ መንገር ምን የሚሉት ንግድ እንደሆነ ጠየቀች። በመልስ 50 ባጃጅ ነጂው ትዕግሥቱ አልቆ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዳንኳኳ ጻፈ። ሮቶው ከተሸጠ ሁለት ቀን ሆኖታል። ሻጩ ማስታወቂያው እንዴት እንደሚጠፋ አያውቅም ነበር፤ ይህንንም የጠየቀኝ በውስጥ መስመር ነው።